የአምስት ሰዎች የሥራ ልምድ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ደብዳቤው ዛሬ መጣ። የዘጋቢ ፊልሞች መራጭ ኮሚቴ የላክነውን የመጀመሪያ ቅጂ አይቶ «በእጅጉ ተመስጧል»። ቀጥሎ «ይሁን እንጂ» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ ስለኖርኩ ነው መሰለኝ፣ ዓይኔ ሌላውን ዘሎ «ይሁን እንጂ» ላይ ነው የሚያርፈው። ፊልሙ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጥጥ ብናኝ የሠራተኞቹን ሳንባ እንደጎዳ ይናገራል። ይህ ከባድ ነገር ስለሆነ፣ የሠሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑና ከምን ሙያ እንደመጡ ተጽፎ ይላክልን ነው የሚሉት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ፣ እስከ መጋቢት 5።

ሲስተር ሁለት ጊዜ አነበበችውና በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። ፊልሙን የምትመራው እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበረች፤ ጡረታ ወጥታም ሲስተር የማይላት የለም።

«ጋሼ፣ ይቺ ያንተ ናት» አለችኝ። «አምስት ሰው፣ አምስት ገጽ።»

«አራታችሁን ከነገ ወዲያ እጀምራለሁ።»

«አምስት ነው ያልኩት።»

ይህን ደብተር ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፍ። ደብዳቤውን ሳነብ በእኛ አፈርኩ። አንዲት ነርስ፣ አንድ የራጅ ባለሙያ፣ አንዲት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ፣ አንድ ልብስ ሰፊ። ሌላው እኔ ነኝ፤ የፊልሙን ትረካና ደብዳቤዎቹን እጽፋለሁ። የፊልም ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ በመካከላችን የለም። «የጡረተኞች መዝናኛ ክበብ ነው እንዴ?» ብለው ይስቁብናል እያልኩ ስብሰለሰል ቤቴ ገባሁ።

እትዬ ወጥ ቤት ነበረች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በዚያው ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርታለች። ሳሏ ሲመጣ እንዳልሰማት የቧንቧውን ውሃ ትከፍታለች። ዛሬ ውሃው ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

በሲስተር ጀመርኩ። «ሥራሽን ከመቼ ልጀምር?» ብላት «ከሰኞ» አለችኝ።

በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል መዝገብ የምትይዘው እሷ ነበረች። የፋብሪካው ሰዎች ደረታቸው ታፍኖ የሚመጡት ሰኞ ነው። ማክሰኞ ይቀንሳሉ፤ ዓርብ ላይ ደህና ይሆናሉ። እሑድ ያርፋሉ፣ ሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት የአጋጣሚ ነገር መስሏት ነበር። በሁለተኛው ዓመት በመዝገቡ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንዳንድ ጭረት ማድረግ ጀመረች። አራት ዓመት ጫረች። አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድስት ጭረት። ይህን አድርጊ ያላት ሰው የለም። ሐኪሞቹ «ሲስተር፣ ኪኒኑን ስጪና ይሂዱ» ነበር የሚሏት። ሳንባ አንድ ቀን ካረፈ በኋላ ብናኙን እንደ አዲስ እንደሚቆጣ፣ ይህም በሌላው ዓለም ስም ያለው በሽታ እንደሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ያነበበችው። ከማንበቧ በፊት ግን ቆጥራዋለች።

«ከዚያስ ምን አደረግሽ?»

«ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፍኩ።»

«መለሱልሽ?»

«መለሱ እንጂ። በጣም ያማረ ደብዳቤ ነበር ጋሼ። እንደዚያ ያለ አጻጻፍ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»

የብዕሬ ቀለም አልቆ ነበርና ሌላ ብዕር ፍለጋ ቦርሳዬን በረበርኩ። ቀና ስል አሁንም እያየችኝ ነው።

ገጿን አሁን ጨረስኩ። «ሙያዋ አስተዋይነት ነው» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ጭረቶቹ ይበቃሉ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ራጅ የሚለው ስም የወጣለት ካሜራ ከመያዙ በፊት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ራጅ ሲያነሳ ኖረ። ዛሬ የካሜራውን መስታወት እየወለወለ አጫወተኝ። ዓይን ለዓይን እያየ ማውራት አይሆንለትም።

«የፋብሪካው ሰዎች መተንፈስ አቅቷቸው ይመጡ ነበር። አቁሜያቸው 'ትንፋሽ ያዙ' እላለሁ። አንዷ እናት ምን አሉኝ፣ 'ልጄ፣ መጀመሪያ ሳገኘው አይደል የምይዘው?'»

ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀብን።

«ፎቶው ሲወጣ ግን ንጹህ ነው። ይሄ በሽታ ብዙውን ጊዜ ራጅ ላይ አይወጣም። ሐኪሙ 'ንጹህ' ብሎ ይጽፋል፤ ፋብሪካው 'ይኸው ንጹህ ነሽ' ብሎ ወደ ማሽኑ ይመልሳታል። አሥራ ሰባት ዓመት ንጹህ ፎቶ አነሳሁ ጋሼ። ፎቶው አልዋሸም፤ አላየም እንጂ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሚያይ ካሜራ ገዛሁ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ አንዲት ሴት ከገበያ ወደ ቤቷ ዳገቱን የምትወጣበትን ክፍል እንደገና ተመለከትኩ። አራት ደቂቃ ነው፤ የትም አልተቆረጠም። ሰባት ጊዜ ትቆማለች፤ ስትቆም እሱም ይቆማል። አይጠጋም፣ አይርቅም፣ ፊቷን አያጎላም። እስከ ዛሬ ሲረዝምብኝ የነበረ ነገር ዛሬ አጠረኝ። ትምህርት ቤት ገብቶ ቢማር ኖሮ ሁለተኛው ማረፊያዋ ላይ ይቆርጠው ነበር።

ስወጣ «ያንተን ማን ይጽፋል?» አለኝ።

«እኔው።»

«ምን ብለህ?»

«የቢሮ ሠራተኛ።»

«የምን ቢሮ?»

«የተለያየ።»

ጥር 15፣ ሐሙስ

በጥድፊያ። መቀስ ዘንድ ነበርኩ። ፊልሙን የሚቆርጠውና የሚገጥመው ልብስ ሰፊያችን ነው። 42ኛው ደቂቃ ላይ የፋብሪካው ወርሃዊ ጋዜጣ ይታያል፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የወጣ፣ የጸሐፊ ስም የሌለው። ርዕሱ «የሰኞ ሳል መድኃኒቱ እሑድ ከመጠጥ መቆጠብ ነው»። አሥራ አንድ ሴኮንድ ይቆያል። ረዝሟል፣ ሰባት ይበቃል አልኩት።

«ሰው ሳይቸኩል አንብቦ እስኪጨርስ አሥራ አንድ ነው» አለ። «ለክቼዋለሁ።»

ለነገሩ እንደ ጽሑፍ ካየነው የተመጠነ ነው። አንድ ትርፍ ቃል የለውም።

ጥር 22፣ ሐሙስ

የሃሎ ቀን። ድምፅ የምትቀዳልን እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖረች፤ ሰው ያለ ማዞሪያ በቀጥታ መደወል ሲጀምር የምትቀመጥበትን ወንበር ይዛ እንድትወጣ ብቻ ፈቀዱላት። ወንበሩ ዛሬም አለ፤ የምትቀዳው እሱ ላይ ተቀምጣ ነው።

«ሰው ከመናገሩ በፊት አየር ይስባል» አለችኝ። «እዚያ ነው ሁሉም ነገር ያለው። የሚያለቅስ ሰው ረጅም ይስባል። የሚዋሽ አጭር ነው፤ ለመጨረስ ስለሚቸኩል።»

መጀመሪያ ላይ ሲስተር ራሷ «ሳሉን ከድምፁ ላይ እናውጣው፣ ተመልካች ይሰለቻል» ብላ ነበር። ሃሎ እምቢ አለች። የአርባ ሦስት ሰው ሳል ለይታ ታውቃለች። ዛሬ ዓይኔን አስጨፍና አሰማችኝ። «ይቺ ማበጠሪያ ክፍል የነበረች ናት። ይሄ ሸማኔ ነው፤ መጨረሻዋ ላይ ፉጨት አለችው። እኚህ ደግሞ ከማለፋቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።» ስለ ጎረቤቶቿ የምታወራ ነው የምትመስለው። እኔ አርባ ሦስት ሰው ቀርቶ የገዛ እህቴን ሳል የማውቀው በቧንቧ ውሃ በኩል ነው።

መሣሪያዋን እየሰበሰበች «ጋሼ፣ አንተ 'እኔ' ከማለትህ በፊት ሁልጊዜ ትቆማለህ። ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«እርጅና ነው።»

«ይሆናል» አለች። እሱን ከማለቷ በፊት አየር ሳበች። አጭር ነበር።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሲስተር ቤታችን መጣች፤ እትዬ ካሜራ ፊት እንድትቀመጥ ልትለምናት። ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

«አንቺ ሃያ ሦስት ዓመት እዚያ ነበርሽ። አንቺ ካልተናገርሽ ማን ይናገራል?»

«እህቴ፣ ሰው ፊት ማሳል አልወድም።»

«ሁሉም ያስላሉ እኮ፤ ብቻሽን አይደለሽም።»

«እሱን አውቃለሁ» አለች እትዬ። ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። አለማየቷን ልብ አልኩ።

ሲስተር ከሄደች በኋላ «አትገደጂ፣ ዓይናፋርነትሽን ያውቃሉ» አልኳት። ሸሚዜን ስትተኩስ ነበር። የአንገትጌውን አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ተኮሰችው። እትዬ ዓይናፋር ሆና አታውቅም። የፈትል ክፍሉን ሴቶች ወክላ ፎርማኑን ፊት ለፊት የምትገጥም ሴት ነበረች።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ስልክ ተደወለልኝ። ድምፁን ወዲያው አወቅኩት። አሥራ አንድ ዓመት አለቃዬ ነበር።

«የሥራ ልምድ እየጻፋችሁ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለኝ፣ እየሳቀ። «ሕዝብ ግንኙነት ክፍላችንን እንዳትዘለው። ከፈለግህ የምስክር ወረቀት እጽፍልሃለሁ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም። እናንተ ከረሳችሁት እኔ ለኮሚቴው አስታውሳለሁ ለማለት ነው። ፋብሪካውን የሚወቅሰው ፊልም ጸሐፊ የፋብሪካው ጸሐፊ እንደነበረ ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል።»

ስልኩን ዘጋሁት።

የካቲት 9፣ እሑድ

የራሴን ገጽ ጀመርኩ። «በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ ሥራ ያገለገለ።» ቀደድኩት።

«በአንድ ታዋቂ የኢንዱስትሪ ተቋም የኮሙኒኬሽን ዘርፍ ከፍተኛ ልምድ ያካበተ።» ይህንንም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

አልጻፍኩም። ሃሎ ምሳ ላይ «ደህና አልተኛህም» አለችኝ። በስልክም ቢሆን ታውቅብኝ ነበር።

የካቲት 16፣ እሑድ

የመቀስን ገጽ ዛሬ ጨረስኩ፤ አራተኛው ነው። የምንሠራበት ክፍል የእሱ ሱቅ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ የተቀመጡት ሱፍ ይቆርጥበት በነበረው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ደንበኞች ራሳቸውን ያዩበት የነበረው መስታወት አሁንም ጥግ ላይ ቆሟል። ከጎኑ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ሰዎች ነበሩ። ግድግዳው ስስ ስለነበር አንዱን ዘፈን ሃያ ጊዜ ሲያስደግሙ ይሰማል። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ገባና «ስፌታችሁ ከውጭ እየታየ ነው» አላቸው። «እስቲ አንተ ሥራው» አሉት፤ ተቀመጠ። እንደተቀመጠ ቀረ።

«ልብስ ስትሰፋ መጀመሪያ የምታየው ጨርቁን አይደለም» አለኝ። «ሰውየውን ነው። አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ እሱን አትነግረውም። ኮቱን ስትሠራ አንተ ታውቀዋለህ፣ ለብሶት ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እነዚህ ሴቶች የሚናገሩትን ስቆርጥም እንደዚያው ነው። ያለቀሱበትን ሁሉ አላስገባም። ቀጥ ብለው መውጣት አለባቸው።»

ሰማንያ ሰዓት ከተቀረጸው ውስጥ ዘጠና ደቂቃ አወጣ። አንድም ሴት አዋርዶ አላሳየም። ገጹን ስጨርስ ጥር 6 ያፈርኩባቸውን አራት ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። ቆጣሪ፣ ተመልካች፣ አድማጭ፣ ለኪ። ይህን ፊልም ከእነሱ ሌላ ማን ሊሠራው ይችል ነበር? እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ በእነዚህ የማፍር።

ከዚያ ቡድኑን ለመልቀቅ ወሰንኩ። አራት ገጽ ይላካል። ከቡድኑ ውስጥ ከሌለሁ አለቃዬ የሚያጋልጠው ሰው የለም። ለሁሉም የሚበጀው ይሄ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ከእራት በፊት ለእትዬ ነገርኳት። «ፊልሙን ልተወው ነው» አልኩ። ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«በእኔ ምክንያት ነው?»

«በአንቺ? ምን አገናኘሽ?»

ሳሏ መጣ። ዛሬ ወደ ቧንቧው አልሄደችም፤ ፊቴ ተቀምጣ ሳለች፤ እስኪያልፍላት ድረስ ጠበቅኩ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

«ያቺን ጋዜጣ ያመጣህልኝ ቀን ምሳ ሰዓት ነበር፣ ማሽኑ ቆሟል። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። 'ወንድሜ የጻፈው ነው' ብዬ ሣጥን ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። ደስ ብሏቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ሲያስላቸው 'ትናንት ጠጥተሽ ነው አይደል?' እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረና ሐፍረት መጣ። ሰካራም እንዳይባሉ ሐኪም ቤት መሄድ ተዉ።»

«አንቺስ?»

«እኔ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም። አንተም ታውቃለህ።»

አዎ፣ አውቅ ነበር። ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እዚሁ ቤት፣ ሰኞ ጠዋት እሷ ደረቷን ይዛ ከወጣች በኋላ፣ እሷ የገዛችልኝ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አለቃዬ «አጠር፣ ጠንከር አድርገው» አለኝ፤ አጠር፣ ጠንከር አደረግኩት። በማግስቱ «ብዕርህ ይባረክ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ለዚህ ደብተር እንኳን ይህን ለመጻፍ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ።

«ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልህ? በልተህ እንድታድር የምፈልግ እኔ፣ ያነበብኩላቸው እኔ። ሲስተር ስትለምነኝ እምቢ ያልኩትም ለዚሁ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ማንበቤን ሳልናገር አልነሳም። ማንበቤን ከተናገርኩ ማን ጻፈው ይሉኛል።»

ድንቹን አንስታ መላጥ ቀጠለች። እኔም ሌላ ቢላዋ አምጥቼ አብሬያት ላጥኩ። ሁለታችንም ከሚበቃን በላይ ላጥን።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ነገርኳቸው። አራቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ። «42ኛው ደቂቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከ«እኔ» በፊት ሳልቆም።

ራጅ የካሜራውን ማቆሚያ እግሮች አንድ በአንድ አጠፈ። «አሥራ ሰባት ዓመት» አለ፤ ሌላ ምንም ሳይጨምር ወጣ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር «ስለነገርከን ጥሩ ነው» አለች።

«አውቀሽ ነበር?»

«የጻፋችሁልኝ መልስ ሥር 'ስለ ሥራ አስኪያጁ' ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ። እዚህ የመጣህ ቀን ስምምነቱ ላይ ስትፈርም አየሁት። ፊርማህ አልተለወጠም።»

«ታዲያ አንድ ዓመት ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ። የት እንደሚያምህ የምትነግረኝ አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።» ቀጥላም «ደግሞ ደህና ጸሐፊ ያስፈልገኝ ነበር» አለች።

ዓይኔን በጨው አጥቤ አንድ ዓመት ከዚህች ሴት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ በልቻለሁ። ልለቅ እንደምፈልግ ነገርኳት። መልስ የሰጠኝ መቀስ ነው። ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ 42ኛውን ደቂቃ ከፈተ።

«ከዚህ በኋላ ቦታ አለ» አለ። «ስንት ደቂቃ ትናገራለህ?»

የካቲት 28፣ ዓርብ

ራጅ አልመጣም። ስልክም አያነሳም። መብቱ ነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ራጅ መጣ። ሰላም አላለኝም። መብራቱን ተከለ፣ ወንበሩን አስተካከለ፣ «ተቀመጥ» አለኝ። «ወደ ብርሃኑ ዙር። ትንሽ። በቃ።» እጁ ትከሻዬን ነክቶ ቦታዬን ሲያስይዘኝ እንደ በሽተኛ ነበር የያዘኝ፤ ሳይጨክን፣ ሳያቀርብም። ይቅር ብሎኛል ብዬ አልጽፍም። ሥራውን ግን በእኔ ላይም አላበላሸም። ስለ እሱ ከጻፍኩት ገጽ ይህ ይበልጣል።

እትዬም መጣች። ማንም አልጠራትም። የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ገባችና «ወንበር ጨምሩ» አለች።

እኔ እንዴት እንደጻፍኩት ተናገርኩ። እሷ እንዴት እንዳነበበችው ተናገረች። ሣጥኑ ላይ ስለመውጣቷ ስትናገር አለቀሰች፤ መቀስ ያቺን እንደማያስገባት አውቃለሁ። ስንጨርስ ሃሎ «ማንም አይንቀሳቀስ፤ የክፍሉን ዝምታ ልቅዳ» አለች። ለአንድ ደቂቃ ስድስት ሰው ዝም አልን። የሚሰማው የእትዬ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ሲገባ እንደ ቀጭን ፉጨት፣ ሲወጣ ደግሞ በችኮላ። ሃሎ ዓይኗን ጨፍና ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘች። ደቂቃው አልፎም አላቆመችም።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

አምስት ገጽ ላክን፤ ከአዲሱ ቅጂ ጋር። አምስተኛው ከሁሉም አጭር ነው፤ እዚህ ልገልብጠው።

«የፊልሙ ጸሐፊ ለአሥራ አንድ ዓመት በፋብሪካው ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሠርቷል። የሠራተኞቹ ሕመም የመጠጥ ውጤት ነው የሚለውን ጽሑፍ የጻፈው እርሱ ነው። ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ታላቅ እህቱ ከታማሚዎቹ አንዷ ነበረችና። በዚህ ፊልም ላይ ከአራት ባለሙያዎች ጋር ሲሠራ ሙያ ምን እንደሆነ ተምሯል።»

ሲስተር አንብባ አንድ ቃል ብቻ አስወጣችኝ። «ታላቅ» የሚለው መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። መጀመሪያ «በጸጸት» የሚል ነበረበት። «እሱን እነሱ ይዩት» አለች።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

የኮሚቴው መልስ። ፊልሙ ለሕዝብ እንዲታይ ተመርጧል። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ቡድኑ አባል የቀድሞ ሥራ ከአንድ ግለሰብ የደረሰን ጥቆማ በአባሉ በራሱ ቀደም ብሎ በተሟላ ሁኔታ የተገለጸ ስለሆነ አዲስ ነገር ሆኖ አላገኘነውም።»

መቀስ ይህቺን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ራጅ ከጥግ «አራተኛ ድገመው» አለ። ከየካቲት 26 ወዲህ ከሥራ ውጪ ያናገረኝ የመጀመሪያው ነው።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ፊልሙ ዛሬ ታየ። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከፋብሪካው ሰዎች ወደ ሰባ የሚሆኑት መጥተዋል። ሳላቸው ከመጋረጃውም ከወንበሮቹም ይመጣ ስለነበር የቱ የፊልሙ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። 42ኛው ደቂቃ ሲደርስ ወደ መሬት አየሁ። አሥራ አንዱን ሴኮንድ ቆጠርኩ። ከዚያ የራሴ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የእትዬ። መጨረሻው ላይ ሰዎች ተነስተው አጨበጨቡ፤ ሲስተር፣ ራጅ፣ ሃሎ፣ መቀስ እየተጠሩ ሲቆሙ። የእኔ ስም ሲጠራ ጭብጨባው ሳሳ። ትክክል ነበር።

በሩ ጋ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መንገዴን ይዘው ቆሙ። የፈትል ክፍል ሰው ናቸው። እትዬ ከጎኔ ነበረች፤ ክንዴን ጨመቀችው።

«የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ሊተፉብኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢተፉብኝም አልሸሽም ነበር። ከዚያ እኔን ትተው ወደ እትዬ ዞሩ።

«ድምፅሽ ያምር ነበር» አሏት። «ያመንነው እኮ እሱን አይደለም። እሱን ማን ያውቀዋል? ያመንነው አንቺን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ። «የገደለኝም ይኸው ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ የተደበቅሽው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦርሳቸውን ሳያዩኝ እኔ ላይ ጫኑብኝና ክንዳቸውን ለእትዬ ሰጡ፤ እትዬም የራሷን ቦርሳ አስያዘችኝ። ሁለቱ ተደጋግፈው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። አራት ደረጃ ወርደው ቆሙ፤ አንዷ ስትስል ሌላዋ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ተራው ይዞራል። በቆሙ ቁጥር ያወራሉ፤ ስለ እነማን እንደሆነ አልሰማሁም። ከኋላቸው ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ የሚቸኩል ግን አልነበረም። እኔም የሁለቱን ቦርሳ ይዤ፣ ሲቆሙ እየቆምኩ፣ ሲወርዱ እየወረድኩ ተከተልኳቸው።